የደበዘዘ የውሻ ፀጉርን በምግብ ማሟያ ማሳመር

ለግቢ ጥበቃ የተያዘ ውሻ በየቤቱ የሚበላው ይታወቃል፦ የተረፈ እንጀራ፣ ወጥ የነካው ፍርፋሪ፣ አልፎ አልፎ ከሥጋ ቤት የመጣ አጥንትና ሳንባ። በዚህ የሚያድር ውሻ ሆዱ አይጎድልበት ይሆናል፤ ፀጉሩ ግን ያሳብቅበታል። አመድማ ይሆናል፣ ሲዳስሱት ይሻክራል፣ ጥቁር የነበረው ወደ ቀይ ዳማ ይሄዳል፣ ወገቡ ላይ ፎረፎር ይታያል። ባለቤቱ ፋርማሲ ገብቶ «ለፀጉር የሚሆን ቫይታሚን» ሲል የሚሰጠው እሽግ ብዙ ጊዜ የጎደለውን አይሞላም፤ የጎደለው ፕሮቲንና ትክክለኛው ዘይት ነውና።

ፀጉር ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ነው። ውሻ በቀን ከሚያስፈልገው ፕሮቲን ሩብ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ለቆዳውና ለፀጉሩ እድሳት ያውለዋል። ፕሮቲን ሲያጥር ሰውነቱ ለልብና ለጡንቻ ያስቀድማል፤ ፀጉር መጨረሻ ላይ ይደርሰዋል። አብረቅራቂነቱ ደግሞ ከቆዳው ከሚወጣ ወዝ ይመጣል፤ የዚህ ወዝና የቆዳው መከላከያ ዋና ጥሬ ዕቃ ሊኖሌይክ አሲድ የተባለ ስብ ነው። ውሻ ይህን ስብ ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ካላገኘው አይኖረውም። የቆዳ ሴል ከታች ተፈጥሮ ላይ እስኪደርስ 3 ሳምንት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ የጀመራችሁት ዘይት በሳምንቱ ለውጥ ካላሳየ አትደነቁ፤ የመጀመሪያው ለውጥ በ4ኛው ሳምንት አካባቢ፣ ሙሉው ደግሞ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይታያል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ጥገኛ ተባይና በሽታን ማጣራት፣ ቀጥሎ ፕሮቲን፣ ከዚያ የእህል ዘይት፣ ከዚያ የዓሣ ዘይት፣ ዚንክ በመጨረሻ። አራቱን በአንድ ቀን የጀመረ ሰው ተቅማጥ ሲመጣ የትኛው እንዳመጣው፣ ፀጉሩ ሲያምር ደግሞ የትኛው እንደሠራ አያውቅም።

1. ማሟያ ከመግዛታችሁ በፊት

ውሻውን ነጭ አንሶላ ወይም ነጭ ወረቀት ላይ አቁሙና ከወገቡ እስከ ጭራው ሥር ፀጉሩን በተቃራኒ አቅጣጫ በደንብ እሹት። የረገፈውን ጥቁር ብናኝ በውሃ በራሰ ጥጥ ጫኑት። ጥጡ ላይ ቀይ ቡናማ ሆኖ ከተሟሟ የቁንጫ ኩስ ነው፤ የተፈጨ ደም ስለሆነ ይቀላል። ካልቀላ ተራ አፈር ነው። ቁንጫ ያለበትን ውሻ ዘይት ብታጠጡት ዋጋ የለውም፤ መጀመሪያ ቁንጫው ይጥፋ፣ የሚተኛበት ምንጣፍና ጆንያም ይታጠብ።

ቀጥሎ ጆሮውን ያዙ። የጆሮውን ጠርዝ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አድርጋችሁ ስታሹት የኋላ እግሩን ለማከክ ካወናጨፈ፣ በተለይ የጆሮው ጫፍና ክርኑ ከተላጠ፣ እከክ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። እከክ ምግብ አይፈታውም፤ ወደ ሰውም ይተላለፋል። ለከብት የሚወጋውን አይቨርሜክቲን በግምት እየለኩ ውሻ መውጋት የተለመደ ነው፤ እንደ ኮሊ ባሉ ዝርያዎችና በዲቃሎቻቸው ላይ ግን ወደ አንጎል ዘልቆ ሊገድል ይችላል። መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ይወስን።

ከፊንጢጣው አካባቢ ወይም ከሚተኛበት ላይ የዱባ ፍሬ ወይም የሩዝ ቅርጽ ያለው ነገር ካያችሁ የኮሶ ትል ነው። ድዱን ገልጣችሁ እዩ፤ ሮዝ መሆን ሲገባው ከነጣ ደም የሚመጥ የአንጀት ትል ሊሆን ይችላል። ለኮሶው ፕራዚኳንቴል፣ ለሌሎቹ ፓይራንቴል ወይም ፌንቤንዳዞል ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ተቀላቅለው በአንድ ክኒን ይሸጣሉ። ለሰው የሚሰጠውን አልቤንዳዞል በግምት አትስጡ፤ የውሻን የአጥንት መቅኒ ሊጎዳ ይችላል።

ምግብ የማያስተካክላቸው ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ፀጉሩ በሁለቱም ጎኖቹ እኩል ከሳሳ፣ ጭራው ከተመለጠ፣ ሳይበላ ከወፈረና ከፈዘዘ የታይሮይድ እጢው ተዳክሞ ሊሆን ይችላል። ውሃ አብዝቶ ከጠጣ፣ ሽንቱ ከበዛ፣ ሆዱ ከተንዘረጠጠ ሌላ የሆርሞን በሽታ ሊኖር ይችላል። እነዚህ የደም ምርመራ ይፈልጋሉ። በቅርቡ የወለደች ውሻ ደግሞ ፀጉሯ መርገፉ የተለመደ ነው፤ ካጠባች በኋላ ይመለሳል።

አጠባበቡንም እዩ። በየሳምንቱ በልብስ ሳሙና ወይም በዱቄት ሳሙና የሚታጠብ ውሻ ወዙ እየታጠበ ስለሚሄድ ምንም ቢበላ አይወዛም። በወር ወይም በወር ተኩል አንዴ በውሻ ሻምፖ በቂ ነው፤ በመካከሉ በብሩሽ ማበጠር ወዙን ከቆዳው ወደ ፀጉሩ ጫፍ ያደርሰዋል።

2. መዝኑ፣ ፎቶ አንሱ

የሁሉም ነገር መጠን በክብደት ነው። ውሻውን ታቅፋችሁ ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ ብቻችሁን ውጡ፣ ልዩነቱን ጻፉ። ለማቀፍ የሚከብድ ከሆነ ክሊኒክ ውሰዱት፤ በዓይን መገመት ብዙ ያሳስታል።

ከወገቡ በላይ አንድ ቦታ ምረጡና ፀጉሩን ለያይታችሁ በጠዋት ብርሃን ፎቶ አንሱ። በየሁለት ሳምንቱ ያንኑ ቦታ በዚያው ሰዓት ድገሙት። በየቀኑ የሚያየው ሰው ለውጡን አያስተውልም።

3. ፕሮቲን

ጤነኛ 20 ኪሎ ውሻ በቀን 1,000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይበላል፤ ከዚያ ውስጥ ዝቅተኛው የፕሮቲን መጠን 50 ግራም አካባቢ ነው። ለተጎዳ ፀጉር ከዚህ ከፍ ቢል ይሻላል፤ ቢያንስ ግማሹም ከእንስሳት ተዋፅኦ ይምጣ። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ 100 ግራም የተቀቀለ ቀይ ሥጋ ከ25 ግራም በላይ ፕሮቲን ይሰጣል። ስለዚህ ለ20 ኪሎ ውሻ በቀን አንድ እንቁላልና 100 ግራም የተቀቀለ ሥጋ ወይም ልብ ጨምሩና ያንኑ ያህል እንጀራ ቀንሱ። ሥጋ ሲወደድ የበሬ ልብ፣ ሳንባና ጨጓራ ይተካሉ። ሞራና ጮማ ግን አይተኩም፤ ካሎሪ እንጂ ፀጉር የሚሠራ ነገር እምብዛም የላቸውም።

እንቁላሉን ቀቅሉት። ጥሬ እንቁላል ፀጉር ያወዛል የሚባለው ግማሽ እውነት ነው፦ ጥሬው ነጭ ክፍል ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን አስሮ የሚይዝ ንጥረ ነገር አለው፤ ባዮቲን ደግሞ ለፀጉር ያስፈልጋል። በየቀኑ ጥሬ ነጩን የሚበላ ውሻ ጥቅሙን መልሶ ያጣዋል። ሲቀቀል ያ ንጥረ ነገር ይጠፋል።

ከቄራም ሆነ ከሥጋ ቤት የመጣ ጉበትና ሳንባ ጥሬውን ፈጽሞ አይሰጥ። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት ጉበት ወይም ሳንባ የአንድ ትንሽ የኮሶ ትል ማደሪያ ነው፤ ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በኩሱ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ሰው ሲገባ በጉበትና በሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ያበጃል። በአገራችን የተስፋፋ በሽታ ነው። ቆራርጣችሁ ከፈላ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀቅሉ፤ ከረጢት ያለበትን ክፍል ደግሞ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጉድጓድ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ።

ስለ ጉበት ለብቻው እናንሳ። ጥቁር ፀጉር ወደ ቀይ ሲሄድ ከምክንያቶቹ አንዱ የመዳብ እጥረት ነው፤ ሌላው ቀለም ለመሥራት የሚያስፈልጉት የፕሮቲን ክፍሎች ማነስ ነው። ጉበት ሁለቱንም ይሰጣል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚታሰር ውሻም ይቀላል፤ ያን ጥላ እንጂ ጉበት አያድነውም። ለ20 ኪሎ ውሻ በሳምንት ሁለት ጊዜ 30 ግራም የተቀቀለ ጉበት ይበቃል። በየቀኑ በብዛት መስጠት ቫይታሚን ኤ ያከማቻል፤ ሲበዛ መገጣጠሚያ ያደርቃል፣ አጥንት ያሳምማል።

በጾም ወቅት አንድ ነገር ይደጋገማል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ያ ማለት 8 ሳምንት ገደማ ሥጋ ቤት ተዘግቶ፣ ከቤቱም ሥጋ ጠፍቶ፣ ውሻው በእንጀራና በምስር ብቻ ያድራል። ለፋሲካ ሲደርስ ፀጉሩ ደርቆና ረግፎ የምታዩት ለዚህ ነው። ባለቤቱ ጿሚ ቢሆንም ውሻው ሊጾም አይገባም። እንቁላል በዚህ ጊዜ ስለሚረክስ ከሥጋው ይልቅ በእሱ መያዝ ቀላል ነው፦ ለ20 ኪሎ ውሻ በቀን 2 የተቀቀለ እንቁላልና የተቀቀለ ቆሮሶ ወይም አምባዛ፣ አጥንቱ በጥንቃቄ ወጥቶ። በፋሲካ ማግስት ደግሞ ተቃራኒው ስህተት ይመጣል፦ ከሁለት ወር ባዶነት በኋላ የበግ ጮማና የዶሮ ወጥ ቅባት በአንዴ ይደፋለታል። ደጋግሞ ካስታወከ፣ ጀርባውን ጎብጦ ከቆመና ሆዱን ሲነኩት ካቃሰተ ቆሽቱ መቆጣቱን ጠርጥሩ፤ ለነገ የሚባል አይደለም።

ወጥ የነካው ምግብ ሌላ ጣጣ አለው። ቀይና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 150 ግራም፣ አንድ ትልቅ ራስ ማለት ነው፣ ጉዳት ለማድረስ ሊበቃ ይችላል፤ በትንሽ በትንሹ በየቀኑ ሲሰጥም ይጠራቀማል። ሽሮም አይታመንም፤ ዱቄቱ ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርት አብሮ ይገባበታል። ለውሻው የሚሆነውን ሥጋና ምስር ከመጥበሱ በፊት ለይታችሁ በውሃ ብቻ ቀቅሉ።

4. ዘይት፦ የኑግ እንጂ የፓልም አይደለም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ዘይት ስጠው» ሲባል ወጥ ቤት ካለው ቢጫ ጀሪካን ይቀዳል፤ ያ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ፓልም ነው። በፓልም ዘይት ውስጥ ሊኖሌይክ አሲድ 10 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ በኑግ ዘይት ውስጥ ግን 70 ከመቶ አካባቢ ይደርሳል። 20 ኪሎ ውሻ በቀን የሚያስፈልገው ሊኖሌይክ አሲድ 3 ግራም ያህል ነው። ይህን ከኑግ ዘይት ለማግኘት 5 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ፣ ይበቃል። ከፓልም ለማግኘት ከሁለት የሾርባ ማንኪያ በላይ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ የቀን ምግቡን ሩብ የሚያህል ካሎሪ ይሆናል። ውጤቱ ወፍራም፣ ግን ያው ደብዛዛ ውሻ ነው።

የሱፍ ዘይት ጥሩ ምትክ ነው፤ እሽጉ ላይ ኦሌይክ (ሌላ ዓይነት ስብ ነው) የበዛበት ነው የሚል ካለ ግን ተዉት። የሰሊጥ ዘይት ከኑግ ይቀንሳል፤ 40 ከመቶ ገደማ ነው። የወይራና የኮኮናት ዘይት ለሌላ ነገር ይጠቅሙ ይሆናል እንጂ ለዚህ አይሆኑም፤ ቅቤም እንዲሁ። አንዴ የተጠበሰበት ዘይት ከነጭራሹ አይሰጥ።

ከገበያ የተቀዳ የኑግ ዘይት በፓልም የተከለሰ መሆን አለመሆኑን ለማየት ትንሽ ብርጭቆ ሞልታችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ (በረዶ ቤቱ ውስጥ ሳይሆን) አሳድሩ። ጠዋት ላይ ከታች ወፍራም ነጭ ነገር ከረጋ ተከልሷል። ንጹሑ ፈሳሽ ሆኖ ያድራል፤ ቀጭን ጭጋግ ብቻ ቢታይበት አያሳስብም። የቆየውን ደግሞ አፍንጫ ይለየዋል፦ ትኩስ የኑግ ዘይት የተቆላ ኑግ ይሸታል፣ የተበላሸው ቀለም ቀለም ይላል፣ ጫፉን ሲቀምሱት ይመራል። የተበላሸ ዘይት የውሻውን ቫይታሚን ኢ ይጨርስበታል፤ ባይሰጠው ይሻለው ነበር። በትንሽ ጥቁር ጠርሙስ ግዙ፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ ከምድጃው አጠገብ አታስቀምጡ፣ ከከፈታችሁት በኋላ በሁለት ወር ጨርሱት።

የዕለት መጠን፦

5 ኪሎ ውሻ፦ 1.5 ሚሊ ሊትር
10 ኪሎ፦ 3 ሚሊ ሊትር
20 ኪሎ፦ 5 ሚሊ ሊትር
30 ኪሎ፦ 7 ሚሊ ሊትር
40 ኪሎ፦ 9 ሚሊ ሊትር

ፀጉሩ በጣም ከተጎዳ እስከ 8ኛው ሳምንት ድረስ እጥፉን መስጠት ይቻላል፤ ከዚያ ወደዚህ መጠን መልሱት። የቤት የሻይ ማንኪያ ከቤት ቤት ይለያያል፤ አንዳንዱ 3 ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም። ከፋርማሲ የ5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያለ መርፌ ገዝታችሁ በእሱ ለኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ሩቡን፣ በሁለተኛው ግማሹን፣ በሦስተኛው ሙሉውን ስጡ። ለብ ያለ ምግብ ላይ አድርጋችሁ በደንብ ለውሱት፤ በአፉ አታንቆርቁሩ፣ ትን ብሎት ሳንባው ከገባ ሌላ መዘዝ ነው።

እንደ ማሟያ የዘይቱም የሌላውም ድምር ከዕለት ካሎሪው አንድ አሥረኛ አይለፍ። 10 ሚሊ ሊትር ዘይት 80 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው፤ ያን ያህል ከእንጀራው ቀንሱ። በየሁለት ሳምንቱ የጎን አጥንቱን ዳስሱ፤ ሳትጫኑ በጣታችሁ መቁጠር ካቃታችሁ እየወፈረ ነው።

ተልባስ? ተልባ ጥሩ ነው፣ ግን ከሚወራለት ያነሰ። በውስጡ ያለው ኦሜጋ 3 የተባለ ስብ በውሻ ሰውነት ውስጥ ተለውጦ በዓሣ ውስጥ ወዳለው ዓይነት መድረስ አለበት፤ ውሻ ደግሞ ይህን የሚያደርገው በጥቂቱ ብቻ ነው። ለወዝ ይረዳል፤ ለሚያሳክክ ቆዳ ግን የዓሣ ዘይትን አይተካም። ሳይፈጭ የተሰጠ ተልባ እንዳለ በኩሱ ይወጣል። ቆልታችሁ ፈጭታችሁ ለ10 ኪሎ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ለ20 ኪሎ አንድ፣ ከብዙ ውሃ ጋር። የተፈጨው በሳምንት ውስጥ ይለቅ። ኩሱ ከላላ ቀንሱ።

5. የዓሣ ዘይት

ከኑግ ዘይቱ አንድ ወር በኋላ ይጀመር። ፎረፎር፣ ማሳከክና መቅላት ካለ የሚያበርደው ይኸኛው ነው። እሽጉ ፊት ላይ በትልቁ የተጻፈው «1,000 ሚሊ ግራም» የዘይቱ ክብደት እንጂ የጠቃሚው ነገር መጠን አይደለም። ጀርባውን ገልብጣችሁ ኢፒኤ (EPA) እና ዲኤችኤ (DHA) የሚሉትን፣ ማለትም ሁለቱን የዓሣ ኦሜጋ 3 ዓይነቶች፣ ደምሩ። የተለመደው ባለ 1,000 እንክብል ውስጥ 180 ኢፒኤ እና 120 ዲኤችኤ፣ በድምሩ 300 ሚሊ ግራም አለ።

ዒላማው በኪሎ ክብደት 50 ሚሊ ግራም የሁለቱ ድምር ነው። ስለዚህ ለ20 ኪሎ ውሻ 1,000 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከተለመደው እንክብል በቀን 3። ለ10 ኪሎ 1 ወይም 2፣ ለ30 ኪሎ 5። በአንድ እንክብል ጀምራችሁ በየ5 ቀኑ አንድ ጨምሩ። እንክብሉን በመርፌ ወግታችሁ ምግቡ ላይ ጭመቁት፤ ሙሉውን የሚውጥ ውሻም አለ። ጠረኑ ትንፋሹ ላይ ይቀራል፤ ያን መታገሥ ነው።

የዓሣ ዘይት ቫይታሚን ኢን ስለሚጨርስ አብሮ ይሰጥ፦ ለ20 ኪሎ ውሻ በቀን 100 ዩኒት፣ ወይም ባለ 400 ዩኒቱን እንክብል በሳምንት ሁለት ጊዜ።

የዓሣ ዘይትና የዓሣ ጉበት ዘይት አንድ አይደሉም። የኮድ ጉበት ዘይት በአንድ የሻይ ማንኪያ 4,500 ዩኒት ገደማ ቫይታሚን ኤ እና 450 ዩኒት ቫይታሚን ዲ አለው። ለ20 ኪሎ ውሻ ሁለት የሻይ ማንኪያ የቫይታሚን ዲውን የዕለት ጣሪያ ያልፋል፤ በየቀኑ ከተሰጠ ካልሲየም ኩላሊቱ ላይ ያከማቻል። ኦሜጋ ሦስት ፍለጋ እሱን አትግዙ።

እንክብል ከጠፋ የሰርዲን ቆርቆሮ ይተካል። 100 ግራም የተጠለለ ሰርዲን 1,000 ሚሊ ግራም ገደማ ኢፒኤ እና ዲኤችኤ አለው፤ ስለዚህ ለ20 ኪሎ ውሻ በየሁለት ቀኑ አንድ ትንሽ ቆርቆሮ ከዒላማው ግማሽ ያህሉን ይሰጣል። ቲማቲምና በርበሬ ያለበትን ተዉት፤ የዘይቱን አጥልሉ፣ ጨው ስላለው በውሃ አለቅልቁ። ቱና በዚህ ረገድ ከሰርዲን በጣም ያነሰ ነው። የሐይቆቻችን ቆሮሶም ስስ ዓሣ ነው፤ ለፕሮቲን እንጂ ለኦሜጋ 3 አትቁጠሩት።

6. ዚንክ

እህል የሚበዛበት ምግብ ውስጥ ዚንክ ቢኖርም ፋይቴት የተባለ ነገር ይዞ አያስለቅቀውም። የእንጀራ ሊጥ መቡካቱ ፋይቴቱን ይቀንሰዋል፤ ቂጣና ያልቦካ ንፍሮ የባሰ ናቸው። በላዩ ላይ አጥንት በብዛት ሲታከል ካልሲየሙ ዚንኩን የበለጠ ያግደዋል። ምልክቱ ከደብዛዛነት ያልፋል፦ በዓይን፣ በአፍና በጆሮ ዙሪያ፣ በክርንና በመዳፍ ላይ ቅርፊት ይጋገራል። ሃስኪና ማላሙት ውሾች በዘር ዚንክ የመቀበል ችግር ሊኖርባቸው ስለሚችል ዕድሜ ልክ ይፈልጉት ይሆናል።

ቅርፊት ካለ ሐኪም ይየው፤ የሚሰጠው የሕክምና መጠን ከፍ ያለ ነው። ቅርፊት ከሌለና ከ8 ሳምንት በኋላም ፀጉሩ ካልተመለሰ፣ በኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ግራም ዚንክ ለ6 ሳምንት መሞከር ይቻላል። ለልጆች ተቅማጥ የሚሰጠው ባለ 20 ሚሊ ግራም የዚንክ ክኒን ለ20 ኪሎ ውሻ በቀን አንድ ይሆናል ማለት ነው። በባዶ ሆድ ያስታውከዋል፤ ምግብ መሃል ይግባ። ማጣፈጫው ዛይሊቶል አለመሆኑን ከእሽጉ አንብቡ፤ ዛይሊቶል የውሻን የደም ስኳር በድንገት አውርዶ ይገድላል። በእሱ የሚጣፍጡት የሰው ከረሜላ መሰል ቫይታሚኖችም እንደዚያው አደገኛ ናቸው።

ስለ ባዮቲን ክኒን ብዙ ይወራል። የተቀቀለ እንቁላልና ጉበት የሚበላ ውሻ ባዮቲን አይጎድለውም፤ ገንዘቡን ሰርዲን ግዙበት። የቢራ እርሾ ጥሩ ነው ሲባል ሰምቶ አተላ የሚሰጥም አለ፤ አተላ አልኮል አለው፣ ውሻ ደግሞ አልኮልን አይችልም። የቡካ ሊጥም ሆዱ ውስጥ ይነፋል።

7. ሲበላሽ

ኩሱ ከቀጠነ ዘይቱን ለ2 ቀን አቁሙና በግማሽ መጠን ጀምሩ። ኩሱ ነጣ ብሎ ቅባት ካለውና ውሻው እየበላ ከከሳ ስብ መፍጨት አቅቶታል፤ ዘይት ማቆምና መመርመር ነው።

ፀጉሩ ወዝቶ ግን ከተጣበቀና ጠረን ካመጣ መጠኑ በዝቷል፣ ወይም ቆዳው ላይ የእርሾ ኢንፌክሽን አለ። ጆሮው ውስጥ ቡናማ ሰም መሳይ ነገር ካለና ከሸተተ ሁለተኛው ነው።

ደረቅ የውሻ ምግብ የምትሰጡ ከሆነ ነገሩ ይለያል። እሽጉ ላይ «ሙሉና ሚዛናዊ» የሚል ምግብ ሊኖሌይክ አሲዱም ዚንኩም አለው፤ የዓሣ ዘይት ብቻ ይበቃል። በውጭ አገር ያላችሁ አብዛኞቻችሁ እዚህ ውስጥ ናችሁ። በአገራችን ግን ከተከፈተ ጆንያ በኪሎ እየተመዘነ የሚሸጠው ስቡ አየር መትቶት የከረመ ሊሆን ይችላል፤ ቢቻል እሽጉ ያልተከፈተውን ትንሹን ግዙ።

ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ውሻ የዓሣ ዘይቱን ከ2 ሳምንት በፊት ያቁም፤ የደም መርጋትን ሊያዘገይ ይችላል። የስኳር ሕመም ያለበትና ከዚህ በፊት ቆሽቱ የተቆጣ ውሻ ያለ ሐኪም ምንም ዘይት አይጀምር። ከ6 ወር በታች ላለ ቡችላ እዚህ ያሉት መጠኖች አይሠሩም፤ ለእሱ የቡችላ ምግብና የትል መድኃኒት ይቅደም።

በ8ኛው ሳምንት ፎቶዎቹን ደርድሩ። ከቆዳው አጠገብ የበቀለው አዲስ ፀጉር ከጫፉ ጠቆር ብሎና ለስልሶ ከታየ መንገዱ ትክክል ነው፤ የድሮው ደረቅ ጫፍ አይለወጥም፣ እስኪረግፍ መጠበቅ ነው። ከዚያ እንቁላሉንና የኑግ ዘይቱን በተለመደው መጠን ቀጥሉ፣ የዓሣ ዘይቱን ወደ ግማሽ አውርዱ፣ የትሉን መድኃኒት በየ3 ወሩ ድገሙ። በ12ኛው ሳምንት ምንም ካልታየ ማሟያ መጨመሩን አቁሙና የቆዳ ፍቅፋቂና የደም ምርመራ አሠሩለት።